«ፎርማት እናድርገው» ከመባሉ በፊት

በዚህ ወር የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነው። ነገሩ ለቴክኖሎጂ አዋቂዎች ብቻ የሚሆን መስሏችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። እኔም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። የዕለት እንጀራዬ ሰዎች ያላቸውን ትተው አዲሱን እንዲገዙ ማባበል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የምነግራችሁ ስህተትም ከዚሁ ከሙያዬ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ሳሎናችን ጥግ፣ ከቡፌው አጠገብ፣ በ2001 ዓ.ም. የተገዛ ዴስክቶፕ ነበረው። ስክሪኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደሎች ግማሾቹ ጠፍተዋል። 1 ጊጋባይት ራም፣ 160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አባዬ ማብሪያውን ይጫንና ወደ ማዕድ ቤት ሄዶ ሻዩን ቀድቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ገና እየተነሣ ይጠብቀዋል። በዚህ ማሽን የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ 11 ዓመት ይዞበታል፤ የጡረታ ደብዳቤዎቹን ጽፎበታል፤ ለልጅ ልጆቹ ብሎ የራሱን ታሪክ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲተይብበት ኖሯል። እናቴ ያረፈች ዕለትም በቀብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪኳን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የጻፈው እዚሁ ላይ ነው።

አምና ለገና አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁለት። ፋይሎቹን በሙሉ በፍላሽ ገልብጬ፣ ዴስክቶፑ ላይ «የአባዬ» የሚል ፎልደር ከፍቼ አስቀመጥኩለት። አሮጌው ሲስተም ዩኒት በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ። ፎቶ ተነሣን፤ አባዬ መረቀኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሁድ ስሄድ መነጽሩን አድርጎ ባለ መስመር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፍ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ላፕቶፑስ?» አልኩት።

«ጥሩ ነው ልጄ። ዜና አይበታለሁ።»

«ጽሑፍህስ?»

«እሱ እንኳ አይነበብም። አንቺን ላስቸግርሽ አልፈለግሁም፤ ሥራ ይበዛብሻል።»

ፎልደሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት የእናቴን የሕይወት ታሪክ ነበር። ገጹ በላቲን ሆሄያት፣ በጥያቄ ምልክትና በቅንፍ ዝብርቅርቁ ወጥቷል። ስሟ መኖር በነበረበት ቦታ አንድ የፓውንድ ምልክትና ሁለት ቅንፍ ተቀምጠዋል። ሦስት ወር ሙሉ አባቴ ይህን እያየ ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ ስጦታዬን ወዶታል ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

አሮጌውን ሲስተም ዩኒት ከዕቃ ቤት አውጥቼ በመኪና ጭኜ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሽፋኑን እንኳ ሳይከፍት «ይሄማ አርጅቷል፤ ፎርማት እናድርገውና አዲስ ዊንዶውስ እንጫንበት፤ ፎቶና ዶክመንቱን እናወጣልሻለን» አለኝ። እሺ ልል ነበር። ያዳነኝ ለምክር የደወልኩለት የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ባልደረባ ነው። «አንድም ሰው እንዳይነካው፤ ይዘሽው ነይ» አለኝ።

ለምን እንዲያ እንዳለ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ሆሄ የሚያውቀው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው። ዊንዶውስም ለአማርኛ የሚሆን ፎንትና ኪቦርድ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ብልሃት ፈጠሩ። ለላቲን ሆሄያት በተያዙት ቦታዎች ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፈለው፤ ሌላውም ሆሄውን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉትን ታስታውሷቸው ይሆናል። ስንቱ ቢሮ፣ ስንቱ ማተሚያ ቤት ሠርቶባቸዋል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ፋይል ከነፎንቱ ካልሄደ ኮምፒውተሩ በዚያ ቦታ ላይ የሚያውቀውን የላቲን ሆሄ ያሳያችኋል እንጂ ጽሑፉ አልተበላሸም። ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው መነጽሩ ነው።

ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን አላበራውም። በመጀመሪያ አቧራውን አራገፈ፤ ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ዲስክን ከዩኤስቢ ጋር በሚያገናኝ ገመድ ከራሱ ማሽን ጋር አያያዘውና የዲስኩን ሙሉ ቅጂ አወጣ። ፎቶና ዶክመንት ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፕሮግራሞቹም ዊንዶውሱም ሳይቀር እንዳለ። ሁለት ቅጂ አደረገው፤ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። «ከዚህ በኋላ ብንሳሳትም ግድ የለም» አለ። ያረጀ ዲስክ በእያንዳንዱ ማብራት ይደክማልና ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ሙከራ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ አሳፈረኝ። ከቅጂው ውስጥ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ገብቶ «ፎንትስ» የሚለውን ከፈተ፤ የአማርኛዎቹን ፎንቶች መርጦ ላፕቶፑ ላይ ጫናቸው። የእናቴን ፋይል ዘግቶ እንደገና ከፈተው። ስሟ መጣ። ከነአባቷ፣ ከነትውልድ ዘመኗ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ወር ሙሉ በቤታችን የጠፋው ነገር ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ መጠን ያለው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብዬ ነበር። ላፕቶፑን ወስጄ ሰጠሁት፤ አነበበ፤ ደስ አለው። «አሁን የት ነው የምጽፈው?» ሲለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ ብከፍትለት ጣቶቹ የለመዱት ሌላ ነው። 16 ዓመት በአንድ አቀማመጥ የተየበ ሰው «ጸ»ን ለማግኘት አዲስ የቁልፍ ቅደም ተከተል ሲያጠና ሐሳቡ ይበናል። ይህን ያየሁት ከጎኑ ተቀምጬ ነው፤ አንዲት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀበትና ላፕቶፑን በቀስታ ከደነው። (ኪይማን የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር የተለያዩ የአማርኛ አቀማመጦች አሉት፤ ለወጣት እጅ ግሩም ነው። ለአባዬ ግን አልሆነም።)

አሮጌውን የአማርኛ ሶፍትዌር ላፕቶፑ ላይ ለመጫን ሞከርን። ሲዲው ዳንቴል በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ የአባዬ ጥንቃቄ ይመስገን። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለ። እንደ ተረዳሁት የጥንት ፕሮግራሞች 16 ቢት የሚባሉ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ መጫኛው ብቻ 16 ቢት የሆነም አለ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢቱን ጭራሽ አያስነሣም፤ ዊንዶውስ 11 የሚመጣውም በ64 ቢት ብቻ ነው። የእናንተ ፕሮግራም 32 ቢት ከሆነ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ምስሉን በቀኝ ክሊክ ጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» ከሚለው ገብታችሁ በቀድሞው ዊንዶውስ ሥርዓት እንዲሠራ እዘዙት። አሮጌ ፕሮግራም የራሱን ፎልደር ውስጥ መጻፍ ስለሚወድ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ላይ ለብቻው በተከፈተ ፎልደር ጫኑት። ብዙ እምቢተኛ ፕሮግራም በዚህ ይታረቃል።

ለእኛ የሠራው ሌላ ዘዴ ነው። ቨርቹዋልቦክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያስመስላል። ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ቤት በሏት። ባልደረባዬ የአባዬን ዲስክ፣ ዲስክ ቱ ቪኤችዲ በተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ለወጠውና እዚያ ውስጥ አስነሣው። መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን አሳየንና ልቤ ቀጥ አለ፤ የዲስኩን ዓይነት «አይዲኢ» ወደሚለው ሲቀይረው ግን ያ የማውቀው አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ብቅ አለ። አሮጌው ኤክስፒ ከነዴስክቶፑ፣ ከነዕድሩ መዝገብ፣ ከነአማርኛ ሶፍትዌሩ በአዲሱ ላፕቶፕ አንድ መስኮት ውስጥ ተቀምጧል። ለእሱም ከላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ላይ 1 ጊጋባይት ብቻ ሰጠነው፤ ዱሮም ይኸው ነበር ያለው።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኤክስፒ ከማይክሮሶፍት የጥበቃ ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው፤ ስለዚህ የዚያን መስኮት ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ዘግተነዋል። ፋይል የሚመላለሰው በጋራ ፎልደር ነው። የባንክ ሥራ፣ ኢሜይል፣ ዜና በአዲሱ በኩል ብቻ። ሁለተኛ፣ ኤክስፒው መኖሪያው እንደ ተለወጠ አውቆ የፈቃድ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ያለበትን ተለጣፊ ከሲስተም ዩኒቱ ጎን ፈልጉ፣ ፈቃዱ ወደ ሌላ ማሽን መዛወር የሚችል መሆኑንም ጠይቁ። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጥንታዊ ፕሮግራም ከኋላ የሚሰካ ትንሽ ቁልፍ ካላየ አይከፈትም። ቁልፉ ዩኤስቢ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ ያሳልፍለታል። በዚያ ባለ 25 ቀዳዳው የፕሪንተር ሶኬት የሚሰካ ከሆነ ግን ሥራው ከባድ ነው፤ አሮጌውን ማሽን ራሱን ማቆየት ይሻላል።

በመጨረሻ የአባዬን ኪቦርድ አመጣንለት። መሰኪያው ክብ የድሮው ዓይነት ስለነበረ መለወጫ ገመድ ገዛንለት። ፊደሎቹ የጠፉበት ያው ኪቦርድ ነው፤ እሱ ግን ፊደሎቹን አይቶ አያውቅም፤ እጁ ነው የሚያውቃቸው።

«ሻዬን ሳልቀዳ ተነሣ» ብሎ አጉረመረመ።

ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ኮምፒውተር እንደ አባዬ ያረጀ አይደለም፤ ምናልባት የስምንት ወይም የአሥር ዓመት ላፕቶፕ ይሆናል፤ ዊንዶውስ 7 ወይም 10 ይዞ የሚጎተት። ለእናንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ከመጣላችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ አስቀይሩ፤ ማዘርቦርዱ የሚቀበል ከሆነም ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት አሳድጉ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ማሽኑን እንደ አዲስ ያነቁታል። ባለ 32 ቢት የቤት ዊንዶውስ ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምምና ብራችሁን አታባክኑ። ጥገና ቤት ስትሄዱ የምትሉት «ፎርማት» ሳይሆን «ክሎን» ነው። ክሎን ማለት አሮጌው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል ማለት ነው፤ ፕሮግራማችሁ፣ ፎንታችሁ፣ የለመዳችሁት ሁሉ በቦታው ይቆያል። ፎርማት ማጥፋት ነው። ልጁ «ክሎን ጊዜ ይወስዳል» ካላችሁ፣ ይውሰድ።

ዊንዶውስ 10 ለምትጠቀሙ፣ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግለሰቦች ለአንድ ዓመት የተዘረጋ የተጨማሪ ጥበቃ ምዝገባ አለ፤ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 ያደርሳችኋል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሄድ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ሊኖረው ይገባል፤ ኢንቴል ከሆነም በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ። ማሽናችሁ ብቁ ከሆነ ከላዩ ላይ ማሻሻል ይቻላል፤ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ የሚለውን ምርጫ ካልረሳችሁ ሁሉም ይተርፋል። ግን ከዚያም በፊት ቅጂ።

ትንሽ ሱቅ ወይም ድርጅት ኖሯችሁ ሒሳባችሁን በፒችትሪ የምትይዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የሒሳቡ መረጃ «ማይ ዶክመንትስ» ውስጥ ሳይሆን ፕሮግራሙ በከፈተው የኩባንያ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ዶክመንቶቻችሁን ብቻ ገልብጦ ፎርማት ያደረገ ሰው የአምስት ዓመት ሒሳባችሁን ይዞት ሄደ ማለት ነው። ባክአፕ ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጡ፤ የወጣበትንም የፒችትሪ እትም ፍላሹ ላይ ጻፉበት፤ ባክአፑ በዚያው ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ እትም እንጂ ወደ ኋላ አይከፈትምና። ፕሮግራሙ ዛሬ ሴጅ 50 ይባላል፤ እኛ ግን ፒችትሪ ማለቱን አልተውንም።

ወደ አባዬ ልመለስ። ቨርቹዋልቦክስ ለእሱ እጅ ነው፤ ለልጅ ልጆቹ ግን አይሆንም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ልጆች አያታቸው የጻፈውን የሚያነቡት በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ የዚያን ዘመን ፎንት አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጀመርን። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አስፈላጊዎቹን ጽሑፎች በሙሉ ከአሮጌው መስኮት በፒዲኤፍ ማውጣት። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት አማርኛው አማርኛ ነው። የአባዬ ወርድ የ2007ቱ ነው፤ ሰርቪስ ፓክ 2 ስላለው በራሱ ፒዲኤፍ ያወጣል። እናንተ ሌላው ሁሉ ቢያደክማችሁ ይህችን ብቻ አድርጉ፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃታል።

ሁለተኛው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ጽሑፉ እንዲፈለግ፣ እንዲታረም፣ በቴሌግራም እንዲላክ። ለዚህ የሚሆኑ መለወጫዎች አሉ፤ መለወጫው ግን የተጻፈበትን ፎንት በትክክል የሚያውቅ መሆን አለበት። በጭፍን አትመኑት። በጽሑፉ መካከል የነበረ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። እንደ ቷ፣ ኳ፣ ሟ ያሉት ሆሄያት ቦታ ይስታሉ። የዕድሩን መዝገብ ስንለውጥ የአንዳንድ አባላት ስም እንዲያ ሆኖ ነበር፤ ማን እንደ ከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚናገር መዝገብ ነውና አባዬ ስም በስም ከወረቀቱ ጋር አመሳክሮታል።

የእናቴን የሕይወት ታሪክ የለወጥነው ባለፈው እሁድ ነው። አባዬ በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የታተመ ወረቀት ያዘ፤ እኔ ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳችንም ከዳር እስከ ዳር አንብበነው አናውቅም። ሁለት ገጽ ናት። በመጀመሪያው ገጽ «እናቷ» የሚለው ተበላሽቶ ስለነበረ አስተካከልነው። በሁለተኛው አንድ አራት ነጥብ ጠፍቶ ነበር፤ እሱንም መለስን። ጨረስን ብዬ ላስቀምጠው ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ» አለኝ። «ይህችን ዓረፍተ ነገር ያን ሌሊት ቸኩዬ ነው የጻፍኳት። እንዲህ አልነበረችም።»

ወንበሩን ሳበና አሮጌውን ኪቦርድ ወደ ራሱ አስጠጋ።